ደብርና ገዳም፤ የጎጃም ቅኔ ከዱር ወደ መቅደስ የሄደበት መንገድ

በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈ፣ እስራኤል 7 ጊዜ 7 ዓመት ቈጥረው 50ኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት እንዲነፉ ታዘዙ። በዚያ ዓመት ባሪያው አርነት ይወጣል፤ የተሸጠው ርስትም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ብዙ ሰው ኢዮቤልዩ ሲባል የሚያስበው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከዚያው ሕግ ውስጥ አንድ ቃል ዘወትር ይዘነጋል። ይኸውም ምድሪቱ ራሷ ዕረፍት እንደ ነበራት ነው። በዚያ ዓመት አይዘራባትም፤ በሬ አይጠመድባትም፤ ሳይዘሩት የበቀለውም አይታጨድም። በየ7ኛው ዓመት በምታርፈው ምድር ፍሬ ደግሞ ድኻው ብቻ ሳይሆን የዱር አውሬ ስንኳ ድርሻ እንዲኖረው ታዟል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ማለት የታረሰው መሬት ለጊዜው ወደ ዱርነቱ ተመልሶ፣ እውነተኛው ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ለሰው የሚናገርበት ዘመን ነው።

ስለዚህ የደብር ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ወራት፣ ስለ ሕንጻውና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ከሚነገረው ጋራ፣ ስለ ዱሩና ዱሩ ለአባቶች ቅኔ ስላደረገው አገልግሎት ማውሳት ከበዓሉ የራቀ ነገር አይደለም።

ምእመናን ዕለት ዕለት «ደብራችን» ይላሉ። በግዕዝ ግን ደብር ማለት ተራራ ማለት ነው። ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ዘይት በተባለ ጊዜ ይህ በግልጥ ይታያል። ገዳምም በመጀመሪያው ትርጓሜ ያልታረሰ ምድር፣ ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነው። የዱር አውሬ አርዌ ገዳም፣ የዱር አበባም ጽጌ ገዳም ይባላል። ሙሴ ሕግን የተቀበለው በተራራ ነው፤ ኤልያስን ቁራ የመገበው በፈፋ አጠገብ ነው፤ ዮሐንስ መጥምቅ ያደገው በምድረ በዳ ነው። ከዚያም በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት የግብጽ አባቶች እነ አባ እንጦንስ ከከተማ ወጥተው በበረሓ ተቀመጡ። አንድ ፈላስፋ ያለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚኖር አባ እንጦንስን በጠየቀው ጊዜ፣ መጽሐፉ የተፈጠረው ዓለም እንደ ሆነና ማንበብ በፈለገ ጊዜ ሁሉ በፊቱ ተገልጦ እንደሚያገኘው መለሰለት ይባላል። ሰዎችም እነዚህን አባቶች ተከትለው በተራራውና በዱሩ ቤት በሠሩ ጊዜ፣ የስፍራው ስም የቤቱ ስም ሆነ። ዱር ስሙን ለቤተ ክርስቲያን አወረሰ ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። መነኵሴ ወደ ዱር የሚሄድበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ለጾምና ለጸሎት ነው። የቅኔ ተማሪ ግን መሣሪያው ቃል ነው፤ ትምህርቱም ግስና አገባብ ነው። ይህ ሁሉ ከመምህሩ አፍ የሚገኝ ከሆነ፣ ተማሪው ከጉባኤው ተነሥቶ ወደ ጫካና ወደ ወንዝ ዳር የሚሄድበት ጉዳይ ምንድር ነው?

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ቅዱስ ያሬድ ነው። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም የነበረ የዜማ አባት ነው። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ መምህሩ ጌዴዎን በገረፈው ጊዜ ኮብልሎ እንደ ሄደ ይነገራል። ማይ ኪራሕ በሚባል ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ፣ አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ወደ ዛፉ ሲወጣ አየ። ትሉም 6 ጊዜ ወጥቶ 6 ጊዜ ወደቀ፤ በ7ኛው ግን ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም አልቅሶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ልቡናውም ተከፈተለት። በኋላም ከገነት የተላኩ 3 አዕዋፍ ዜማን እንዳስተማሩት፣ በሸመገለም ጊዜ ንጉሡን ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች እንደ ሄደ ታሪኩ ያስረዳል። ይህ ታሪክ ከ3 ስፍራ ላይ ከዱር ጋራ ይገናኛል። ተግሣጹ ከትል፣ ዜማው ከወፍ፣ ፍጻሜው ከተራራ ነው። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ያሬድ ትሉን ካየ በኋላ ከዛፉ ሥር አልቀረም፤ ወደ ጉባኤ ተመለሰ። ከወፎቹ የተማረውንም ዜማ ለወፎች አልዘመረም፤ ወደ አክሱም ጽዮን ይዞት ገባ። ከዱር መማርና በዱር መቅረት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ ልማድ በጎጃም የቅኔ ቤት ሥርዓት ሆኖ ጸና። ሊቃውንት የቅኔን ቤቶች ሲቈጥሩ ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ ይላሉ፤ ዋድላ በወሎ ሲሆን ጎንጅና ዋሸራ በጎጃም ናቸው። የቅኔን ጅማሬ ለያሬድ የሚሰጡ አሉ፤ ለዮሐንስ ገብላዊም የሚሰጡ አሉ። የጎንጁ ተዋናይ ግን ከ1471 እስከ 1486 ዓ.ም. ከነገሠው ከዐፄ እስክንድር ጋራ ዘመነኛ እንደ ነበረ በቃል ሲወርድ መጥቷል። ከዚያ ወዲህ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በደብረ ኤልያስ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስና በብዙ ገጠር ደብር ጉባኤ እየተተከለ፣ ጎጃም የቅኔ አገር ተባለ። በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም በእነዚህ ጉባኤዎች ተምረው ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቤተ ክህነት ተማሪን ኑሮ ለመላው ኢትዮጵያ ያስተዋወቁት።

የተማሪው ኑሮ ከመጀመሪያው ከዱር ጋራ የተጐራበተ ነው። ከአባት ከእናቱ ቤት ርቆ፣ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ ይሄዳል። ጎጆውን ከሣርና ከጭራሮ በእጁ ይሠራል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ይበላል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ ዝናብ ይመታዋል። የቅኔው ሥርዓት ደግሞ እንደሚከተለው ነው። መምህሩ አዲስ ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪዎች በቃላቸው ያጠኑታል፤ አገባቡን፣ ሰሙንና ወርቁን ይመረምራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ዱር፣ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ ዛፍ ሥር ሄዶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ጀማሪው 2 ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎም 3 ቤት ያለውን ዘአምላኪየ፣ እያደገ ሲሄድ 5 ቤት ያለውን ዋዜማ፣ 6 ቤት ያለውን ሥላሴ፣ በመጨረሻም 8 ቤት ያለውን መወድስ ይቈጥራል። የቈጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ይመለስና ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን ያርመዋል። ቈጠራው በዱር፣ ነገራው በጉባኤ ነው። ብቻውን ያገኘውን በሰው ፊት ያቀርባል፤ ካልታረመ ቅኔ አይሆንም።

ወደ ዱር የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ጸጥታ መሆኑ ግልጥ ነው። ይሁን እንጂ ጸጥታ ብቻ ቢሆን በጎጆው ውስጥ በር ዘግቶ መቀመጥ በበቃው ነበር። ዋናው ምክንያት የቅኔ አሠራር ራሱ ነው።

አንጥረኛ መስቀል ሊያበጅ በፈለገ ጊዜ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያወጣል፤ ሰሙንም በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃውን በእሳት ባሞቀው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ሊቃውንት የቅኔን ስልት በዚህ መስለው ሰምና ወርቅ አሉት። ሰሙ የሚታየው ምሳሌ ነው፤ ወርቁ የተሰወረው ምሥጢር ነው። ሰም ደግሞ የንብ ሥራ ነው፤ ንብም የምትሠራው የሜዳውን አበባ ቀስማ ነው። ሌላው ስልት ውስጠ ወይራ ይባላል። የወይራ ግንድ ከውጭ ሲያዩት ሸካራና አመድማ ነው፤ በተፈለጠ ጊዜ ግን ውስጡ ሌላ መልክ አለው። እንደዚሁ በላዩ አንድ ነገር የሚናገር፣ በውስጡ ግን ሌላ ነገር የደበቀ ቅኔ ከዚህ ዛፍ ስሙን አገኘ። የቅኔን ሙያ ስም ስንኳ የሰየሙት ንቡና ወይራው ናቸው።

እንግዲህ ተማሪው ወደ ዱር የሚሄደው ሰም ሊለቅም ነው። ለምሳሌ የቀጋ ቍጥቋጦ እሾኹ እጅግ የበዛ፣ አበባው ግን ነጭና መዓዛው ያማረ ነው። ተማሪው በመከራ ውስጥ ስለ ጸና ሰማዕት ሊቀኝ ቢወድ፣ አበባውን ብቻ አንሥቶ እሾኹን ቢተው ሰሙ ጐደሎ ነው፤ እሾኹን ብቻ ቢያነሣም ወርቁ የሚፈስበት ስፍራ የለም። ቀጋን በሩቁ የሰማ ሰው ይህን አይለይም። እጁን እሾኽ የወጋው ግን ይለየዋል። መምህር ሰምህ ከወርቅህ አልገጠመም ብሎ ቅኔውን ሲመልስበት፣ ተመልሰህ ቀጋውን ደኅና አድርገህ እየው ማለቱ ነው። ስለዚህ ቅኔ ፍጥረትን በችኰላ ማየትን አይፈቅድም። ዱሩ ለተማሪው ጌጥ አይደለም፤ የሚፈተንበት መምህር ነው።

ምድሩም የተዘጋጀ ነው። አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በሰሜን በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጓሳ፣ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት የጮቄ ተራራ አለ፤ በደቡብ በኩል የዓባይ ሸለቆ እጅግ ጠልቆ ይገኛል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎችም ወንዞች ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በዚህ ከፍታና በዚያ ጥልቀት መካከል ያደገ ተማሪ፣ ስለ ዕርገትና ስለ ትሕትና ሲማር ነገሩን ከእግሩ በታችና ከራሱ በላይ ያገኘዋል። ከግሽ ዓባይ ምንጭ ጋራ ስማቸው የተያያዘው አቡነ ዘርዐ ብሩክም መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከጊዜ በኋላ ሳይርሱ እንደ ተቀበሉ ገድላቸው ይናገራል። ወንዝ የመጽሐፍ ዕቃ ቤት ሆነ ማለት ነው።

የዚሁ ወንዝ ስም ራሱ ለባለ ቅኔ መዝገብ ነው። በግዕዝ ዓባይ ማለት ታላቅ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን አባይ ሐሰተኛም ማለት ነው። አንድ ድምፅ ታላቅነትንም፣ ሐሰትንም፣ ውኃንም ይናገራል። ሊቃውንት ይህን ኅብር ይሉታል። ዓባይን ያየ ሰው ኅብሩን ይበልጥ ያውቀዋል። ወንዙ በእውነት ታላቅ ነው፤ ያገሩን አፈር ጠርጎ ወደ ሌላ አገር በመውሰዱ ግን እንደ ከዳተኛ ይታማል።

ይህ ሁሉ የተማሪው ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ዓመት ራሱ እንዲሁ የተሠራ ነው። ሰኔ 26 ቀን ዘመነ ክረምት ይገባል፤ በውስጡም ዘርና ደመና፣ መብረቅና ነጐድጓድ ይታሰባሉ። በነሐሴ ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት የሚባል ወቅት አለ፤ ትርጓሜውም የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች ማለት ነው። የቁራ ጫጩት ላባ ሳያበቅል ወላጆቹ እንደሚሸሹት፣ እግዚአብሔር ግን እንደሚመግበው አባቶች ያስተምራሉ። ሰው ንቆ የሚያልፈው ወፍ በቤተ ክርስቲያን ዘመን ተሰይሞለታል፤ ድኻ ገበሬም ጎተራው በተራቈተበት በነሐሴ ይህን ሲሰማ ስለ ራሱ እንደ ተነገረ ያውቃል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ደግሞ ዘመነ ጽጌ ነው። አዲሱ አበባ ምድሩን በሸፈነበት በዚህ ወራት፣ ሊቃውንት ቅዳሜ ሌሊት ቆመው የአባ ጽጌ ድንግልን ማኅሌተ ጽጌ ያደርሳሉ። በዚያ ማኅሌት አበባው ጌታ ነው፤ አበባውን ያስገኘች እመቤታችን ናት። ሠለስቱ ደቂቅም በእሳት ውስጥ ሆነው በዘመሩት ጸሎት ፀሐይንና ጨረቃን፣ ዝናሙንና ውርጩን፣ ተራራውንና አውሬውን ለምስጋና ጠርተዋል። እንግዲህ የቅኔ ተማሪ በጫካ ውስጥ ብቻውን ተከናንቦ ሲቀመጥ ብቻውን አይደለም፤ ከእነዚህ ሁሉ ጋራ በአንድ መዝሙር ውስጥ ነው።

ሆኖም ዱር አደጋ የሌለበት መንገድ አይደለም። አባቶችም ይህን ስላወቁ ሁለት ስሕተቶችን ሲጠነቀቁ ኖረዋል።

አንደኛው አብሾ ነው። በቅኔ ቤት፣ አእምሮ እንዲከፈት ተብሎ ከዕፀ ፋርስ ፍሬ የሚዘጋጅ አብሾ እንደሚጠጣ ከጥንት ጀምሮ ይወራል። ዕፀ ፋርስ መርዝ መሆኑን ዛሬ ሐኪሞች በሚገባ ያውቃሉ፤ ሰውን ያሳብዳል፤ ይገድላልም። በአብሾ አእምሮው ተቃውሶ የቀረ ተማሪ ወሬ በየጉባኤው የሚነገር ነው። ነገሩ ግን ከመርዝነቱ በላይ ከቅኔ መንገድ ጋራ የሚቃረን ነው። ቀጋውን ለማየት የሚሄድ ተማሪ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ቅጠሉን ቀጥቅጦ የሚጠጣ ግን መጠበቅን አይወድም። የመጀመሪያው ዱሩን ያዳምጣል፤ ሁለተኛው ዱሩን ሊሰርቅ ይወዳል። የያሬድ ትል 7 ጊዜ ወጣ እንጂ በአንድ ጊዜ አልበረረም።

ሁለተኛው ስሕተት በዛፉ መቅረት ነው። ይህም በአንድ ቃል ውስጥ ይታያል። አድባር በግዕዝ የደብር ብዙ ቍጥር ነው፤ ተራሮች ወይም ደብሮች ማለት ነው። በአገር ልማድ ግን አድባር ማለት ቅቤ የሚቀባ፣ ጠላ የሚፈስስለት፣ ስእለት የሚሰጠው ዛፍ ነው። አንዱ ቃል ለመቅደስና ለባዕድ አምልኮ ሆነ። ካህናት ይህን ልማድ ሲገሥጹ መኖራቸው ተገቢ ነበር። ዛፉ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሲመለክ፣ በሰምና ወርቅ አነጋገር ሰሙ ሳይቀልጥ ቀረ ማለት ነው፤ ሰሙ ካልቀለጠም ወርቁ መግቢያ የለውም። ሰው በጫካ ብቻውን የሚቀመጠውን ደብተራ ጋኔን ይስባል እያለ የሚያማውም ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነው። ሐሜቱ ብዙ ጊዜ ንጹሑን ጐድቷል፤ የፍርሃቱ ሥር ግን ባዶ አይደለም። መድኃኒቱም ያው ነገራው ነው። ከዱር ያገኘውን በመምህር ፊት የሚናገር ሰው በጨለማ የሚሠራው የለውም።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ሊጠይቅ ይችል ይሆናል። ዱርን ማየት ለቅኔ ይህን ያኽል የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የማያይ ሰው ባለ ቅኔ መሆን አይችልምን? ለዚህ የጎጃም ታሪክ የታወቀ መልስ አለው። በጽላሎ የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ደግሞም ሴት ልጅ ወደ ጉባኤ በማትቀርብበት ዘመን የተወለዱ ነበሩ። ከአባታቸው ቅኔን ተምረው፣ በኋላም ራሳቸው መምህር ሆነው፣ ብዙ ወንዶች ተማሪዎችን አስመርቀዋል። የእርሳቸው ነገር እንደሚያስረዳው፣ ዱር ለባለ ቅኔ የዓይን ትርኢት ብቻ አይደለም። የወንዙ ድምፅ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ የወፍ ጩኸት፣ ከሁሉም በላይ ቃሉ ራሱ የፍጥረት መግቢያ በር ነው። ዓይን ኖሮት ወደ ዱር የሄደ ግን ልቡ በገበያ የቀረ ተማሪ ከእርሳቸው ያነሰ ያያል።

በሌላው ዓለምም ባለ ቅኔዎች ይህን መንገድ ሄደውበታል። የአሲዚው ፍራንሲስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1225 ዓ.ም. ገደማ ፀሐይን ወንድሜ፣ ጨረቃን እኅቴ እያለ ፈጣሪን የሚያመሰግን ዝማሬ ደርሷል። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ በ1798 እንግሊዛዊው ዎርድዝዎርዝ ከጓደኛው ከኮልሪጅ ጋራ ባሳተመው የግጥም መጽሐፍ፣ ሰው ከመጽሐፍ ይልቅ ከጫካና ከወንዝ ይማራል የሚል አሳብ ለአገሩ ሰዎች አቀረበ። ፍራንሲስ ከአባቶቻችን ማኅሌት ጋራ ቅርብ ነው። የእንግሊዙ ባለ ቅኔ ግን በአንድ ነገር ይለያል። እርሱ ተራራ ላይ ሲወጣ ያገኘውን ስሜት ራሱን ይጽፋል፤ የልቡም ታሪክ ግጥሙ ይሆናል። የጎጃም ባለ ቅኔ ግን ስለ ራሱ ስሜት አይናገርም። ከተራራው የለቀመውን ለበዓሉ፣ ለቅዱሱ፣ ለማኅበሩ ያውለዋል፤ በመቅደስ ቆሞ ሲዘርፍ መሪው እየተቀበለ በዜማ ያሰማለታል፤ ሊቃውንቱም «ይበል» ይላሉ። ያ ቅኔ ለዚያ ቀን ብቻ ነው፤ የትናንቱ ለዛሬ አይደገምም። እንደ ወፍ ድምፅ ይሰማል፤ ያልፋል። የሚበዛው በወረቀት ስንኳ አይሰፍርም። ሰሙ ለወርቁ እንደሚቀልጥ፣ ባለ ቅኔውም ለምስጋናው ይቀልጣል።

እስከዚህ የተነገረው የቀደመው ዘመን ወግ ነው። አሁን ያለው ነገር ግን ሌላ አሳብ ያመጣል። የጎጃም ደጋ ከጥንት ጀምሮ የታረሰ አገር ነው፤ ሕዝቡ በበዛ መጠን ማሳው ጫካውን እያሳደደ፣ ዛሬ የአገሩ ዛፍ በብዛት የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለቤት ሠሪና ለማገዶ ፈላጊ ብዙ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ከሥሩ ሌላ ነገር ብዙ አያበቅልም፤ የጽዱን፣ የወይራውን፣ የኮሶውን፣ የዝግባውንም ስፍራ ወስዷል። በጮቄም ቢሆን እርሻው ወደ ላይ ወጥቶ አስታውንና ጓሳውን እየገፋው ነው።

ይህ ለገበሬው የአፈርና የውኃ ጉዳይ ነው። ለደብር ግን ከዚህ ሌላ የቃል ጉዳይም ነው። ወይራ ተፈልጦ ያላየ ተማሪ ውስጠ ወይራ ማለትን በትርጓሜ ያጠናዋል እንጂ አያውቀውም። የቁራ ጎጆ ያላየ ልጅ ስለ ዕጓለ ቋዓት ሲነገረው ተረት ይመስለዋል። የዱር አበባ በጠፋበት ቀዬ ማኅሌተ ጽጌ የሚያደርስ ሊቅ የማያየውን ዕቃ ስም እንደሚጠራ ሰው ይሆናል። ሰም ከጠፋ ወርቁን በምን ቅርጽ ያፈሱታል? አባቶች በዛፍ መቅረትን ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም ልክ ነበር። ለዚህ ዘመን ትውልድ የተረፈው ፍርሃት ግን ተገላቢጦሽ ነው። እነርሱ ሰሙ ሳይቀልጥ እንዳይቀር ሠጉ፤ የዛሬው ሰው ሰም የሌለበት ባዶ ጭቃ ይዞ እንዳይቀር መሥጋት አለበት።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ የግቢ ማስጌጫ ብቻ አይደለም። እንደ ድጓውና እንደ ግሱ ሁሉ፣ ዐፀዱም ከጉባኤው መጻሕፍት አንዱ ነው። ድጓ ሲቀደድ ካህኑ ያዝናል፤ ይጠግነዋልም። ከዐፀዱ አንድ ወይራ ሲወድቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የማገዶው ዋጋ ነው። መጽሐፍን እንደ ገና መገልበጥ ይቻላል፤ ዕድሜው የጠገበ ጽድ ግን በአንድ ሰው ዘመን አይተካም። የተከለው አይጠለልበትም፤ የሚጠለልበትም የተከለውን አያውቀውም። ይህም ራሱ ከምጽዋት ሁሉ የተሰወረው ምጽዋት ነው።

ደብር ለማክበር የሚሰበሰብ ማኅበር፣ ቤቱን እንደሚያድስና ዐጥሩን እንደሚያጠብቅ ሁሉ፣ ከዐጥሩ ውስጥ ጥቂት መሬት ሰው ሳያርስበት፣ ከብት ሳይገባበት፣ ዕንጨት ሳይለቀምበት እንዲያርፍ ቢወስን ኢዮቤልዩውን በኦሪቱ ቃል አከበረው ማለት ነው። ከዘመን በኋላ ለምዱን የለበሰ አንድ ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ከዚያ ዛፍ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ 2 ቤት ጉባኤ ቃና ሊቈጥር ይቀመጥ ይሆናል። ሰሙን ከዛፉ ያገኛል፤ ወርቁን ግን ይዞ ወደ መቅደስ ይገባል። በዚያን ጊዜ ደብርና ገዳም፣ ተራራና ዱር፣ ስማቸውና ግብራቸው አንድ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።